ያረጀ ዕቃ ወዴት ይሄዳል? ከአንኮበር ግምጃ ቤት እስከ ምናለሽ ተራ

አንኮበር ሲነሣ በብዙዎቻችን ኅሊና ቀድሞ የሚመጣው ቤተ መንግሥቱ፣ ነገሥታቱና የውጭ መልእክተኞች ምልልስ ነው። ስለ ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ግብር፣ ስለ ዳግማዊ ምኒልክ የሸዋ ዘመን ብዙ ተጽፏል። በዚያው ኮረብታ ሥር ብረት ሲያቀልጥ፣ የተሰበረ ጠመንጃ ሲጠግን፣ ብር አንጥሮ መስቀል ሲያወጣ የኖረው ሰው ግን በታሪክ መጻሕፍት ውስጥ ያገኘው ቦታ ከግርጌ ማስታወሻ እምብዛም አያልፍም። ይህ ጽሑፍ የሚነሣው ከዚያ ሰው ነው። የሚደርሰውም ዛሬ በየቤታችን አልጋ ሥርና ቆጥ ላይ ተጥሎ ወደሚገኘው ራዲዮ፣ ቴሌቪዥን፣ ሞባይልና የሶላር መብራት ነው። በሁለቱ መካከል ያለው መንገድ ረጅም ቢመስልም ጥያቄው አንድ ነው፤ ዕቃ ሲመጣ በእልልታ የሚቀበል ኅብረተሰብ፣ ዕቃው ሲሞት ለማን ያስረክበዋል?

በ1833 ዓ.ም. ክረምት የእንግሊዝ መልእክተኛ ካፒቴን ዊልያም ኮርንዋሊስ ሐሪስ ከታጁራ ተነሥቶ፣ በረሓውን አቋርጦ፣ በአልዩ አምባ በኩል አንኮበር ገባ። ለንጉሡ ይዞት ከመጣው ገጸ በረከት መካከል ጠመንጃዎችና መድፎች፣ ያማሩ ጨርቆች፣ ሰዓቶችና ሙዚቃ የሚያሰሙ ሣጥኖች ነበሩበት። በኅዳር ወር 1834 ዓ.ም. በሁለቱ መንግሥታት መካከል የወዳጅነትና የንግድ ውል ተፈረመ። ፈረንሳዊው ሮሼ ዴሪኩርም በዚያው ዘመን ስጦታውን ይዞ ሸዋ ተመላልሷል። ሐሪስ ስለ ስጦታው አቀራረብና ስለ መኳንንቱ መደነቅ በመጽሐፉ በሰፊው ጽፏል። ሰዓቱ ቀጥ ብሎ የቆመ ቀን ማን እንደሚከፍተው፣ ሣጥኑ ድምፁ የጠፋ ዕለት ማን እንደሚጠግነው ግን ሰጪም ተቀባይም በውል አንቀጽ አላሰፈረውም። በዚያ ዘመን እንዲህ ያለ አንቀጽ መጠበቅ የዋህነት ነው ይባል ይሆናል። ነገር ግን ዛሬም ከዕርዳታና ከግዥ ውሎቻችን ስንቱ ይህን አንቀጽ ይዟል?

ንጉሡ በበኩሉ ያለ ጠጋኝ ዕቃ ዕድሜ እንደሌለው ያውቅ ነበር። በግቢው ውስጥ የአንጥረኞች፣ የጠመንጃ ጠጋኞች፣ የኮርቻ ሠሪዎችና የሸማኔዎች የሥራ ቦታ እንደነበረና ንጉሡም ሥራቸውን እየተዘዋወረ ይመለከት እንደነበር በዘመኑ ከመጡት እንግዶች ጽሑፍ እንረዳለን። በአንኮበር ዙሪያ ባለው ደን ውስጥም እንደ ገዳማውያን ተለይተው የሚኖሩ፣ ብረት በመቀጥቀጥ፣ ሸክላ በመሥራትና በሽመና የሚተዳደሩ «ጠቢባን» የሚባሉ ወገኖች ነበሩ። ማረሻው፣ ማጭዱ፣ ምጣዱ፣ ሸማው ሁሉ የእነርሱ የእጅ ሥራ ነበር። ሕዝቡ ግን ይሸሻቸው ነበር። ቀን ቀን ብረት ይቀጠቅጣሉ፣ ሌሊት ጅብ ይሆናሉ፤ ዓይናቸው ሰው ይበላል ይባል ነበር። ከእነዚሁ ወገኖች ብዙዎቹ በኋላ ወደ አዲስ አበባ መጥተው በቀጨኔ ሠፍረዋል፤ ሐሜቱም አብሯቸው ተጉዟል።

እዚህ ላይ ቃሉን ቆም ብሎ መመርመር ይገባል፤ በተለይ እኛ ራሳችንን «የኪነ ጥበብ ሰዎች» ብለን የምንጠራ። «ጠይብ» የተባለው ስድብ የወጣው «ጠቢብ» ከሚለው ቃል ነው። ባለቅኔውን «ጠቢብ» ብሎ ያመሰገነ አንደበት፣ ያንኑ ቃል ጥቂት አጣምሞ ማረሻውን የሚሠራለትን ሰው ሰደበበት። በጉልት ሥርዓት ዘመን የእጅ ሥራ የዝቅተኛ ሰው ዕጣ ተደርጎ ሲታይ፣ ባለ እጁ በብዙ አካባቢ ከርስት፣ ከጋብቻና ከማዕድ ተገልሏል። ውጤቱ ደግሞ በሰዎቹ ላይ ብቻ የቀረ አይደለም። ዕቃን የመፍታት፣ የመመርመርና የማደስ ዕውቀት ራሱ አሳፋሪ ሆነ። ዳግማዊ ምኒልክ ሰዓት ፈትተው መልሰው ይገጥማሉ ተብሎ ሲነገር ለአድናቆት ነው፤ ቀጥቃጩ ጠመንጃ ሲፈታ ግን ቡዳ ተባለ።

ምኒልክ ነገሩን ሳይረዱት አልቀሩም። በ1871 ዓ.ም. ስዊሳዊው መሐንዲስ አልፍሬድ ኢልግ ከሁለት ያገሩ የእጅ ባለሙያዎች ጋር አንኮበር ሲደርስ፣ በመጀመሪያ ጫማ፣ ቀጥሎም ጠመንጃ ሠርቶ እንዲያሳይ ታዘዘ እየተባለ ይተረካል። በ1900 ዓ.ም. ደግሞ ንጉሠ ነገሥቱ ሠራተኛውን፣ ቀጥቃጩንና ሸማኔውን በሙያው መስደብን የሚከለክል አዋጅ አስነገሩ። ከዚያም ሰባ ዓመት ግድም ቆይቶ፣ በ1969 ዓ.ም. የዕደ ጥበብንና የአነስተኛ ኢንዱስትሪዎችን ልማት የሚመራ መሥሪያ ቤት ተቋቋመ። አዋጅ ስድብን ከአደባባይ ያነሣል፤ ከልብ ለመንቀል ግን ሌላ ዘመን ይጠይቃል።

ስድቡ እንዳለ ሆኖ፣ የድሮው ባለ እጅ ከሞላ ጎደል የሚጥለው ነገር አልነበረውም። በአልዩ አምባ ገበያ ጨውና ቡና፣ ጨርቅና ከብት የሚገዛበት የማርያ ቴሬዛ ብር፣ አንጥረኛው እጅ ሲገባ ቀልጦ የአንገት መስቀል፣ የጆሮ ጉትቻ፣ የእግር አልቦ ሆኖ ይወጣ ነበር። የተሰበረ ማጭድ ቢላዋ፣ ያለቀ ማረሻ መጥረቢያ ሆነ። ከጦርነት ሜዳ የተለቀመ የጥይት ቀለህ ተነጥሮ ጌጥ ወጣው። ኋላም ባዶ ቆርቆሮ ኩራዝ፣ ያለቀ የመኪና ጎማ በረባሶ ሆኗል። የዚህ ሁሉ ምሥጢር ቀላል ነው፤ ብረት ሲቀልጥ መልሶ ብረት፣ ብር ሲነጠር መልሶ ብር ይሆናል፤ እሳት ጉድፉን ያቃጥላል እንጂ ከውስጡ መርዝ አይፈለፍልም። አባቶቻችን በእሳት ላይ የነበራቸው እምነት በልምድ የተፈተነ ነበር።

ከዚያ ራዲዮ መጣ። የአቃቂ የራዲዮ ጣቢያ እ.ኤ.አ. በ1935 ሥራ ጀመረ። በባትሪ የሚሠራው ትንሹ ትራንዚስተር ራዲዮ ወደ ገጠር ሲዘልቅ ደግሞ የመብራት ምሰሶ ያልደረሰበት ጎጆ ሁሉ ድምፅ አገኘ። የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን በ1957 ዓ.ም. ተከተለ። በ1971 ዓ.ም. ብሔራዊው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ሲታወጅም ራዲዮ ከጥቁር ሰሌዳና ከፊደል ገበታ ጎን ተሰልፎ የድርሻውን ተወጥቷል። የራዲዮ ውለታ በዚህ ሕዝብ ላይ ትልቅ ነው፤ ማንም አይክደውም።

ራዲዮው የሚበላውን ነገር ሕዝቡ «የባትሪ ድንጋይ» አለው። ስያሜው መልካም ነው፤ ድቡልቡል፣ ከባድና ዝም ያለ ነገር ነውና። አደጋውም ያለው እዚያው ስያሜው ውስጥ ነው። ድንጋይ የትም ቢጣል ድንጋይ ነው፤ ማንንም አይጎዳም። ይህ ድንጋይ ግን የዚንክ ቆብ፣ የማንጋኒዝ ዱቄትና የሚበላ ጨው ያለበት ትንሽ ፋብሪካ ነው። ቆቡ ሲበሳ ውስጡ ያለው ይፈስሳል።

በ1980ዎቹ ዓመታት መጀመሪያ ይህ ጸሐፊ በሰሜን ሸዋ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ተማሪ ነበር። የክፍላችን ሰሌዳ ሲነጣ መምህራችን እያንዳንዳችን ሁለት ሁለት የሞተ የባትሪ ድንጋይ ከቤት እንድናመጣ ያዝዙን ነበር። ከግቢው ጥግ ተቀምጠን በእውነተኛ ድንጋይ እንፈረክሰዋለን፤ ጥቁሩን ዱቄት በጣሳ ሰብስበን በውሃ እንበጠብጠዋለን፤ ከዚያም በጨርቅ እየነከርን ሰሌዳውን እንለቀልቃለን። መካከለኛው ጥቁር ዘንግ የሚደርሰው ለታደለ ልጅ ነበር፤ ይጻፍበታል። እጃችን ለሁለትና ለሦስት ቀን አይለቅም። በዚያው እጅ ቆሎ እንበላለን። መምህራችንን አልከስም፤ ቀለም የሚገዛበት ገንዘብ አልነበረም፤ እርሳቸውም ያደረጉት ቀጥቃጩና አንጥረኛው ለዘመናት ያደረጉትን ነው፤ ከሞተው ዕቃ ውስጥ የሚረባውን ማውጣት። ነገር ግን እስከዚያ ዘመን ድረስ ይመረቱ በነበሩ ብዙ ድንጋዮች ውስጥ ጥቂት ባዜቃና እርሳስ ይጨመር እንደነበር ያወቅሁት ዩኒቨርሲቲ ከገባሁ በኋላ ነው።

የነገሩ ሥር እዚህ ላይ ነው። ዛሬ «ዕቃን መልሶ መጠቀም» ከውጭ እንደ መጣ አዲስ ትምህርት ሲሰበክልን እሰማለሁ። ልማዱ ግን ከእኛ ጠፍቶ አያውቅም። የተለወጠው ዕቃው ነው። አሮጌው ከኋላው ያበጠ ቴሌቪዥን መስተዋቱ ውስጥ እርሳስ አለው። ቦርዶቹ የተበየዱበት ቆርቆሮ ከእርሳስ ጋር የተቀላቀለ ነው። ከ2000 ዓ.ም. ወዲህ ኤሌክትሪክ ለመቆጠብ በሚሊዮን የሚቆጠሩ ኃይል ቆጣቢ አምፖሎች ለየቤቱ ታድለው ነበር፤ እያንዳንዱ በሆዱ ጥቂት ባዜቃ ይዟል። የኤሌክትሪክ ገመድ መዳቡን ለማግኘት ሲቃጠል ልባሱ ዳዮክሲን የተባለ መርዝ ያጨሳል። ከቁርጥራጭ አሉሚኒየም ቀልጠው በሚሠሩ ድስቶች ውስጥ እርሳስ ተገኝቶ፣ ወደ ወጡም እንደሚወርድ በአንዳንድ የአፍሪካ አገሮች የተደረጉ ምርመራዎች አሳይተዋል። ብረትን ያነጻ የነበረው እሳት እዚህ ላይ ከዳን። የአባቶቻችን ጥበብ ስሕተት ስለነበረ አይደለም፤ የዕቃው ጠባይ ስለ ተለወጠና የጠባዩን ዕውቀት ከዕቃው ጋር ስላልተቀበልን ነው።

የአንኮበር አቀማመጥ ደግሞ ነገሩን ያከብደዋል። ከተማው ከገደል አፋፍ ላይ የተቀመጠ ነው። ከጎረቤላም ሆነ ከቤተ መንግሥቱ ኮረብታ ወደ ምሥራቅ የሚፈስስ ውሃ ቁልቁል ወደ አልዩ አምባ፣ ከዚያም ወደ አዋሽ ሸለቆ ይወርዳል። ደጋው ላይ ከአጥር ኋላ የተወረወረ ባትሪ በአንድ ክረምት ጎርፍ የቆላው ሰው ጉዳይ ይሆናል። ደገኛው ይጥላል፣ ቆለኛው ይጠጣል።

ይህ የደጋና የቆላ ግንኙነት በዓለም ደረጃም ይታያል። እ.ኤ.አ. በ1988 በናይጄሪያ ኮኮ በተባለች የወደብ ከተማ ከኢጣልያ የመጣ መርዛማ ቆሻሻ ተራግፎ መገኘቱ አፍሪካን አስቆጣ። በ1989 የባዝል፣ በ1991 የባማኮ ስምምነቶች ተከተሉ፤ ኢትዮጵያም የሁለቱም አባል ናት። ሆኖም ቆሻሻ «ያገለገለ ዕቃ» ወይም «ዕርዳታ» ተብሎ ሲመጣ በር የሚከለክለው የለም። እ.ኤ.አ. በ2022 በዓለም ላይ 62 ሚሊዮን ቶን የኤሌክትሮኒክስ ቆሻሻ እንደ ወጣ፣ በደንቡ ተሰብስቦ መልሶ ጥቅም ላይ መዋሉ የተመዘገበውም 22.3 በመቶ ብቻ እንደሆነ የተባበሩት መንግሥታት ድርጅቶች ያወጡት ዘገባ ያሳያል። ሀብታሙ ዓለም ያሳየን አርአያ ይህን ያህል ነው።

በእኛ አገር ሕግ አልታጣም። የደረቅ ቆሻሻ አያያዝ አዋጅ ቁጥር 513 በ1999 ዓ.ም. ወጣ። በ2010 ዓ.ም. የአደገኛ ቆሻሻ አዋጅ ቁጥር 1090፣ በዚያው ዓመትም ለኤሌክትሪክና ለኤሌክትሮኒክስ ቆሻሻ ብቻ የተደነገገው የሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ ቁጥር 425 ተጨመሩ። አሮጌ ኮምፒዩተሮችን የሚያድስ፣ የማይድነውንም በዓይነት በዓይነቱ የሚፈታ ማዕከል በአዲስ አበባ ተቋቁሟል፤ ቦታውም አቃቂ ነው። የአገራችን ራዲዮ በተወለደበት ሠፈር የራዲዮ መቃብር መቆፈሩ አጋጣሚ ነው፤ ለተውኔት ጸሐፊ ግን እንዲህ ያለው አጋጣሚ በነጻ አይገኝም።

አቃቂ ግን ከአንኮበር ሩቅ ነው፤ የመሥሪያ ቤቶቻችን መጋዘን ቅርብ ነው። ከ1997 ዓ.ም. ግድም ጀምሮ በየሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱ የተተከሉትን የፕላዝማ ቴሌቪዥኖች የዚህ መጽሔት አንባቢ የሆነ መምህር ሁሉ ያስታውሳቸዋል። ሲመጡ በጭብጨባ ነበር። ሲበላሹ ግን ንብረት ናቸውና አይጣሉም፣ ጠጋኝ የለምና አይሠሩም፣ በመዝገብ ላይ ሰፍረዋልና አይነኩም። ከተሰበረ ወንበር ጋር ተቆልፎባቸው ይቀመጣሉ። በሣህለ ሥላሴ ግምጃ ቤትና በዚህ መጋዘን መካከል ያለው ልዩነት፣ የንጉሡ ግምጃ ቤት ከደጁ አንጥረኛ ነበረው።

ተራው ሕዝብ ግን ሲቆልፍ አይኖርም። ዕቃውን ለ«ቆራሌው» ይሰጣል። «ቆርቆሮ ያለው!» ከሚለው ጥሪ የመጣ ነው የሚባለው ይህ ስም የዛሬው ጠይብ ስም ሆኗል። ልጆቻችንን «ካልተማርክ ቆራሌው ትሆናለህ» እያልን እናስፈራራለን። ይህ ሰው በጀርባው ማዳበሪያ ተሸክሞ ከቤት ቤት የለቀመው ነገር መርካቶ፣ ምናለሽ ተራ ይደርሳል። እዚያ መዳቡ ከመዳብ፣ ብረቱ ከብረት፣ ላስቲኩ ከላስቲክ ይለያል፤ ከሞተ ዕቃ የወጣ ሞተር ሌላ ዕቃ ያንቀሳቅሳል። ማንም ያላደራጀው፣ ማንም ደመወዝ ያልከፈለው ታላቅ የፍታት ፋብሪካ ነው። ጓንትና ጭንብል ግን የለውም።

ከኪነ ጥበብ ሰዎቻችን መካከል ይህን ገበያ ቀድሞ ያየው ሠዓሊው ኤልያስ ስሜ ነው። ከመርካቶ በገዛቸው የኮምፒዩተር ቦርዶች፣ የቁልፍ ሰሌዳ ፊደላትና ባለ ቀለም ሽቦዎች ግድግዳ የሚያህሉ ሥራዎችን ሠርቷል፤ እ.ኤ.አ. በ2022 በቬኒስ ቢየናሌ ለዓለም አሳይቷል። ከሩቅ ሲያዩት ከተራራ ላይ የታየ የእርሻ ማሳ ይመስላል፤ ሲቀርቡት አንዱ ሰው አንድ ቀን የተጫነው ቁልፍ ነው። ስለ ሥራው ውበት ሌላ ጊዜ እጽፋለሁ። እዚህ የማነሣው ለአንድ ነገር ነው፤ በማዕከለ ሥዕሉ ውስጥ የምናደንቀውን ሽቦ ቀድሞ በእጁ የለየው የምናለሽ ተራ ሰው ነው፤ የእርሱን እጅ ግን ለመጨበጥ እንጸየፋለን።

ነገሩን አስቀድሞ አስቦ መሥራት እንደሚቻል የሚያሳይ ምሳሌ ከዚሁ ከሰሜን ሸዋ አለን። በሬማ መንደር፣ ከ2000 ዓ.ም. ዋዜማ ጀምሮ፣ ከአንድ ሺህ በላይ ቤቶች በአንድ የበጎ አድራጎት ድርጅት አማካይነት የሶላር መብራት ገብቶላቸዋል። ከመብራቱ ይልቅ እኔን የሳበኝ አሠራሩ ነው። የመንደሩ ልጆች በጠጋኝነት ሠልጥነዋል፤ ተጠቃሚውም በየወሩ የሚከፍላት ጥቂት ገንዘብ ለጥገናና ባትሪ ሲያልቅ ለመተካት እንድትውል ታስባለች። ዕቃው ሲገባ መሞቱም ታስቦበታል ማለት ነው። ከሐሪስ ውል የጎደለው አንቀጽ ይህ ነበር።

አንኮበርም የራሷ ጠጋኞች አሏት። በጎረቤላ ገበያ ዳር ካቻቪቴ፣ ፒንሳና የብየዳ ብረት በጠባብ ጠረጴዛ ላይ ደርድሮ የሚውለውን ወጣት የማያውቅ የለም። ወረዳው የቆሻሻ አወጋገድ ዕቅድ ሲያወጣ ይህን ሰው ስብሰባ ጠርቶት ያውቃል? ሕጉ በየትኛውም ገጽ ቢገለጥ፣ የሞተው ዕቃ መጀመሪያ የሚደርሰው በእርሱ እጅ ነው። የትኛው ባትሪ መፈልፈል እንደሌለበት፣ የትኛው መስተዋት መሰበር እንደሌለበት ቢማር፣ የማይጠገነውን የሚያጠራቅምበት አንድ ቆርቆሮ ቤት ቢሰጠው፣ ወደ ደብረ ብርሃንና ከዚያም ወደ አቃቂ የሚወስድለት መኪና በዓመት ሁለት ጊዜ ቢመደብለት፣ ወጪው ለአንድ ቀን ዐውደ ጥናት ከሚወጣው አበል የሚበልጥ አይመስለኝም። መምህራን ለዚህ ሥራ ከማንም ይቀርባሉ፤ የተማሪ ቤት ሁሉ አሮጌ ራዲዮ አለውና።

ባለፈው በጋ ከዚያ ጠረጴዛ አጠገብ ተቀምጬ ሳለሁ አንዲት አሮጊት ነጠላቸው ውስጥ የጠቀለሉትን ራዲዮ ይዘው መጡ።

«እንደምን ዋሉ እማማ?»

«እግዚአብሔር ይመስገን፤ አንተስ ደኅና ነህ ወይ የኔ ልጅ? ይቺ ነገር ዛሬም አልናገር አለችኝ።»

ወጣቱ ክዳኑን ከፍቶ አየ፤ የፈሰሰ ድንጋይ ውስጡን አረንጓዴ አድርጎታል፤ ሽቦው ተበልቷል። «እማማ፣ እሷ እንኳ አርፋለች» አላቸው ቀስ ብሎ።

አሮጊቷ ጥቂት ዝም አሉ። «ታዲያ ካረፈች የት ልቅበራት?»

ወጣቱ ከጠረጴዛው ሥር ያለውን ማዳበሪያ ጎተተና አሳያቸው፤ ግማሽ ድረስ በሞባይል፣ በቻርጀርና በራዲዮ ሬሳ ተሞልቷል። ለስድስት ወር ያጠራቀመው ነው፤ የሚወስድለት ግን እስካሁን አላገኘም። ራዲዮዋን ከላይ አስቀመጣት።

«በል ድንጋዮቹን እንኳ ስጠኝ» አሉ፤ «ፀሐይ ላይ አውዬ ለኩራዝ ምትክ፣ ለባትሪዬ አደርጋቸዋለሁ።»

«አይሆንም እማማ። እነዚህን አልሰጥዎትም» አለና ድንጋዮቹን በወረቀት ጠቅልሎ ክዳን ባለው የወተት ቆርቆሮ ውስጥ ለብቻቸው ከተታቸው።